ለመስቀል የተጎዘጎዘው

ሩታ ለመስቀል ወደ ጎረቤቷ ወደ መስፍን ቤት ስትገባ፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን አይታ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ሣር አልነበረም። ከሪያድ ውጭ ካለ ሸለቆ ዘሩን ለቅማ፣ ከሕንፃቸው ጀርባ የኤሲ ውሃ እየተንጠባጠበ በሚያረጥበው አፈር ላይ ያበቀለችው የዱር አበባ ነው። የሚያብበው ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። አምና ቅጠል ብቻ ሰጣት፤ ዘንድሮ ግን እምቡጥ ይዞ ነበር። በኅዳር ደግሞ የነርስነት ሥራዋን ጨርሳ፣ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከጓሮ ነዋ! ሪያድ ላይ ቄጤማ ከየት ይገኛል? ግቢ እንጂ እህቴ!»

ሩታ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁን ግን ጎንበስ ብላ ከእንግዶቹ እግር ሥር እምቡጦቹን መልቀም ጀመረች።

«እግርህን አንሳ! አንቺም አንሺ! ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ትረግጡታላችሁ?»

«እኔ እኮ ሣር መስሎኝ ነው» አለ መስፍን።

«ሣር እምቡጥ ይይዛል? ከነሥሩ ነው የነቀልከው?»

«ወላሂ፣ በመቀስ ነው የቆረጥኩት።»

«እንግዲያው ያቆጠቁጣል። ሲበርድ ኤሲው ይጠፋል፤ ያኔ በባልዲ የምታጠጣው አንተ ነህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያብብ! እኔ ባልኖርም!»

እምቡጦቹን አቅፋ፣ የቀረበላትን ዳቦ ሳትቀምስ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ መስፍን ባልዲ እያንኳኳ ሲከተላት ሰማች፤ ዞር ብላ ግን አላየችውም።