የገብረእዝጊ አፍንጫና የዳናይት እቅድ

ዳናይት ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችውን የጥናት እቅድ የቦሌ አየር ማረፊያ ሰዎች አንድ ቀን ቢያዩት ኖሮ፣ የበረራ ሰሌዳቸውን አውርደው እሱን ይሰቅሉት ነበር። አረንጓዴው ክፍል ትምህርት ነው፣ ቢጫው ንባብ፣ ቀዩ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ። ምሳ ሳይቀር የራሱ ቀለም አለው። ለመሳቅ የተመደበ ሰዓት ግን የለም፤ ምናልባት ከምሳው ጋር ተዳብሎ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የቀባችው ለራሷ ብላ እንዳይመስላችሁ። ዳናይት የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አባቷ አቶ ገብረእዝጊ ደግሞ ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሴራሚክ ሱቅ አላቸው፤ ከቦሌ ሰው ግማሹ ገላውን የሚታጠበው የእሳቸው ሴራሚክ ላይ ቆሞ ነው ቢባል የሚጋነነው ትንሽ ነው። ልጃቸው ቅርጻ ቅርጽ ልትማር መሆኑን ሲሰሙ፣ «ጭቃ? ጭቃ እኮ ክረምት በነጻ ይመጣል!» ያሉ ሰው ናቸው። እቅዱን ስታሳያቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«ይሄ ሥራ ነው» አሉ። «እንግዲህ ውል ነው። በዚህ መሠረት ዘንድሮ ከጨረስሽ፣ ተመርቀሽ የፈለግሽውን ጠፍጥፊ። ከተዛነፈ ግን ሱቅ ትገቢያለሽ።»

«እሺ አባዬ» አለች። በቀለሞቿ ተማምና ነው።

የመመረቂያ ሥራዋ ከጭቃ የሚሠራ የሰው ጭንቅላት ነበር፤ የመረጠችውም የአባቷን። ለእሳቸው አልነገረቻቸውም። ዜና ሲያዩ በዓይኗ እየለካች፣ ግቢው ጥግ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ጭቃው ላይ ትገለብጣቸዋለች። አፍንጫው ብቻውን ቀዩን ቀለም ሊጨርሰው ምንም አልቀረው፤ የአቶ ገብረእዝጊ አፍንጫ ሁለት ሰው የሚያስጠልል አፍንጫ ነው። ጭቃ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ መድረቅ የለበትም፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እጇን ስታነሳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በፌስታል ትሸፍነዋለች። የቀራት ጆሮዎቹን መጨረስና በጀሶ ቅጂውን ማውጣት ነበር።

ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀር የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ሐጂ ሚስባህ ሞቱ።

እቅዱ ላይ ለቅሶ የሚባል ቀለም የለም። ሐጂ ሚስባህ ግን ዳናይትን ከገዛ ልጃቸው ከሱሀይላ ጋር እጅና እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ድንኳኑ ሲተከል «ይቅርታ፣ ቀይ ላይ ነኝ» አይባል ነገር። ሄደች። ሻይ ቀዳች፣ ሱሀይላን አቅፋ አለቀሰች። መሃል ላይ ጨርቁን አርጥቤ ልምጣ ብላ ብድግ ስትል አንዲት ሴትዮ ትሪ አስያዘቻት፤ ለቅሶ ቤት ትሪ የያዘ ሰው ደግሞ ከድንኳን አይወጣም።

የሐጂው ዘመዶች ከደሴ መጡ፤ ጎረቤቱም ማደሪያቸውን ተከፋፈለ። የዳናይት እናት ወይዘሮ ትርሓስ ሰርቪስ ክፍሏን ለእንግዳ ሊያዘጋጁ ወገባቸውን ታጥቀው ገቡ። ጥግ ላይ በጭቃ የጨቀየ ጨርቅ አዩና ፈቱት። ከውስጡ ባላቸው ብቅ አሉ።

ወይዘሮ ትርሓስ ደነገጡ፣ ሳቁ፣ እንባቸውም መጣ። ከዚያ ያደረጉት ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው። ጨርቁን በኦሞ አጥበው አሰጡት፤ ጭንቅላቱን ደግሞ ቶሎ ደርቆ እንዲያልቅላት ብለው ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው አስቀመጡት። ከደሴ የመጡ አንድ አዛውንት «አሰላሙ አለይኩም» ብለውት መልስ በማጣታቸው፣ እንደተቀየሙ አገራቸው ገቡ ይባላል።

ዳናይት ስትመለስ ጭንቅላቱ ከግንባር እስከ አገጭ ተሰንጥቋል። አፍንጫው ተገንጥሎ ወድቋል፤ መሬት ላይ ግን የለም፤ ማን እንዳነሳው አልታወቀም።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ምነው ጓለይ፣ ምነው ልጄ? እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሻግቶ እንዳይቀርብሽ ብዬ እኮ ነው!» ፊቷን ሲያዩ ድምፃቸው ቀነሰ። «ውሃ ብናፈስበትስ?»

አስተማሪዋ መምህር ላጲሶ ጋ ደወለች። «ደረቅ ላይ እርጥብ አይይዝም» አሏት። «አፍርሰሽ ዘፍዝፊውና እንደገና ጀምሪ። ካልደረሰልሽ ኮርሱን ለሚመጣው ዓመት ትደግሚዋለሽ። ምን ላድርግሽ?»

ዘፈዘፈችው። እቅዱ በሙሉ ቀይ ሆነ፤ ምሳም ቀይ፣ እንቅልፍም ቀይ። ገምጋሚዎቹ መጥተው ጭንቅላቱን ዞሩት።

«ማን ናቸው?» አለ አንዱ።

«አባቴ።»

«አልጨረስሻቸውም።»

ይደገም ተባለ። ውል ውል ነውና ዳናይት ሱቅ ገባች። ያቺ ስታወራ ታክሲ የምታስቆም ልጅ የሴራሚክ ናሙና እየወለወለች ራሷ ናሙና መሰለች፤ ጥርት ያለች፣ ቀዝቃዛ። እኛ ጎረቤቶቿ «ደህና ነሽ?» ስንላት «ለወለል ነው ለግድግዳ?» ትለናለች።

አንድ ጠዋት አንድ ደንበኛ ለመታጠቢያ ቤቱ ልክ የሚበቃውን ሊገዛ ሲል አቶ ገብረእዝጊ አስቆሙት። «ጨምር እንጂ! ሲጫን ይሰበራል፣ ሲቆረጥ ይሰበራል። በልክ የገዛ ሰው ወለሉ ጎዶሎ ይቀራል።»

ሰውየው ጨምሮ ወጣ። ዳናይት ጨርቋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«በልክ ነበር የገዛሁት። ለስብራት አልያዝኩም። እቅዴን ከዳር እስከ ዳር አንብበህ ጨምሪ አላልከኝም።»

«ታዲያ ሰው ይሞታል ብዬ ልንገርሽ?»

«ለማታውቀው ሰውዬ ነገርከው አይደል?»

አቶ ገብረእዝጊ ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው ከደረሰኞቹ መሃል አንድ የደረቀ ጭቃ አወጡ። አፍንጫው ነው።

«ትንሽ አልበዛም?»

«ቀንሼልህ ነው።»

አልሳቁም። «አንድ ዓመት ውድ ስብራት ነው» አሉ። «ጠዋት ሱቅ፣ ከሰዓት ትምህርት። ሌላ እቅድ አምጪ። ከዚህ ወዲያ ግን ጭማሪ የለም።»

አዲሱ እቅድ ተለጥፏል። ቀለም ያልተቀባ ባዶ ቦታም አለው። ጠዋቱን ግን ሴራሚክ ስለወሰደው ቀዩ ጠቧል፤ ይብቃት አይብቃት እሷም አታውቅም። ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ አዲሱ ጭንቅላት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወይዘሮ ትርሓስ የበደሉትን ሊክሱ የውሃ ጆግ ይዘው ጧት ያጠጡታል፣ ቀትር ያጠጡታል፣ ማታም ያጠጡታል። «ይበቃዋል እማዬ» ብትላቸው «ዝም በይ፣ ዳግመኛ አይደርቅብሽም!» ይላሉ።

ትናንት ጨርቁን ስትፈታ የአባቷ አገጭ ረግቦ ወደ አንገታቸው እየወረደ ነበር። ዳናይት ወንበር ስባ፣ ከባዶው ቦታ የመጀመሪያውን ቀን ቆርሳ፣ አገጩን ወደ ላይ መግፋት ጀመረች።