በብረቱ ላይ የቀረው እጅ

አባቴ ሲሞት ለእኔ የደረሰኝ አንድ የአደን ጠመንጃ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ አፈሙዞቹ ግን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ተደርበዋል። ቆቅና ጅግራ ለመምታት የሚሆን፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ አሮጌ ጠመንጃ። የቦንጋ ጓደኞቼ አስተማሪ ሆነሽ ቁምሳጥን ውስጥ ጠመንጃ ታስቀምጫለሽ እያሉ ይስቁብኛል። "ባል ያጣሽው ለዚህ ነው" ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያልነገርኳቸው ነገር፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ እጅም እንደነበረ ነው።

በእኛ አገር ብረት ማኖር ሕፃን ከማሳደግ አይተናነስም። ዝናቡ አንዴ ከመጣ አይሄድም፤ ጉሙም በር ከከፈቱለት እንደ ጎረቤት ሰተት ብሎ ይገባል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። ጠመንጃ ደግሞ ከነኩት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ዘይት ካላስነኩት፣ የነካው ጣት በዝገት ታትሞ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

እናቴ ከሞተች በኋላ ዋጫ አጠገብ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳው ዳር ቆሞ "ወርውሪ!" ይለኛል። ከየጎረቤቱ የለቃቀምኩትን የእንስራ ገል ወደ ላይ እወረውራለሁ፤ እሱ አየር ላይ ይበትነዋል። ግራኝ ስለነበር ሰደፉን የሚያስደግፈው በግራ ትከሻው ነው፤ እንግዳ ሰው ሲያየው የሚስት ይመስለው ነበር።

ከአደን ሲመለስ መወልወሉ የእኔ ሥራ ነው። ጠመንጃውን ከወገቡ አጥፌ፣ በዘንግ ጨርቅ እያስገባሁ ሁለቱንም አፈሙዞች አጸዳለሁ፤ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት እቀባለሁ። እሱ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የትኛው ቆቅ ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደተነሳ ያወራኛል። ስቶ ከመጣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ነፋሱ ነበር።

ቦንጋ የማስተማር ሥራ ማግኘቴን የነገርኩት አንድ ጠዋት ነው። ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ በዝናብ ሲመለስ እኔ ጨው እየወቀጥኩ ነበር። ጠመንጃውን ዘረጋልኝና "አንቺ ስትሄጂ ይህን ማን ሊወለውለው ነው?" አለኝ። አሁን ሳስበው የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ውሎ የሚያሳስበው ይህ ብረት ነው? ዘነዘናውን ከቀኝ እጄ ሳልለቅ በግራዬ መነጨቅኩትና "ራስህ ወልውለው!" አልኩት። እንዳለ ሸራ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ሰቀልኩት። አባቴ በርጩማው ላይ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ልብሱን ሊቀይር ገባ።

በአራተኛው ቀን ማሳው ውስጥ እንደቆመ ልቡ ቀጥ አለ።

አርባው ካለፈ በኋላ ከረጢቱን ስከፍት፣ የፊተኛው እንጨት ካበቃበት ቀጥሎ ባለው የአፈሙዝ ብረት ላይ እጅ ነበረ። አውራ ጣቱ በአንድ በኩል፣ አራቱ ጣቶች በሌላው በኩል፣ በቀይ ዝገት ታትመዋል። ጮህኩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዝናብ የገባው እርጥብ እጁ ነው አልኩ። ታዝዤ ብወለውለው ኖሮ ይጠፋ ነበር፤ ያተረፈልኝ አለመታዘዜ ነው። በዚህ ሰው ይጽናናል? እኔ ተጽናናሁ።

ጠመንጃውን በስሜ አዛውሬ ቦንጋ ይዤው መጣሁ፤ ሰባት ዓመትም እንዲያ ኖርኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አወጣዋለሁ። ሁሉንም ቦታ እወለውላለሁ፤ እጁ ጋ ስደርስ ግን እዞረዋለሁ። ዝገት ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። በመጀመሪያ ቀጫጭን የነበሩት ጣቶች በየክረምቱ እየወፈሩ የአባቴን ጣቶች አከሉ። አንዳንድ ጊዜ ከረጢቱን ለመክፈት እፈራ ነበር፤ እጁ ከነበረበት ተነስቶ፣ ወደ ምላጩ ተጠግቶ የማገኘው ይመስለኛል። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እፈራ ነበር።

ዘንድሮ የጠመንጃውን ፈቃድ ላሳድስ ፖሊስ ጣቢያ ስወስደው መርማሪው ዝገቱን በጥፍሩ ጫር አደረገና "መምህርት፣ ይሄ ብረቱን እየበላው ነው። ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ወይ አጽድተው ያምጡት፣ ወይ ያስረክቡት" አለኝ። በባጃጅ ስመለስ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። እጁን ካጠፋሁ አባቴን አጣለሁ፤ ካላጠፋሁ ጠመንጃውን።

በዚያው ሳምንት የአባቴ የአደን ጓደኛ ለሕክምና ከዋጫ መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛ የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው። ጠመንጃውን አወጣሁላቸው።

"ጋሼ፣ የአባዬ እጅ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከአደን በዝናብ ሲመለስ የያዘበት። እንዴት አድርጌ ላጥፋው?"

መስኮቱ ጋ ወስደው አገላበጡት።

"አባትሽ ግራኝ አይደለም እንዴ?"

"ነበር።"

"እንግዲያ ይህን ቦታ የሚይዘው በቀኙ ነው። ይሄ ግራ እጅ ነው።" ጠመንጃውን መለሱልኝ። "ደግሞ የዚያን ቀን አብረን ነበርን። ዝናቡ ሲመጣ ኮቱን አወለቀ፤ ጠመንጃውን ጠቀለለበት። እሱ በሸሚዝ ቀረ፤ በሰበሰ። በራችሁ ጋ ስንደርስ ጨርቅ አወጣና ብረቱን ጠረገው። 'ውስጡን ልጄ ታጸዳዋለች፤ ቁጭ ብለን እናወራለን' አለኝ። እጅሽን እስቲ አምጪ።"

ግራ እጄን ብረቱ ላይ አኖርኩት። አውራ ጣቴ ቦታውን አገኘ፤ አራቱም ቦታቸውን አገኙ። የዚያን ቀን ሙቀጫው ውስጥ ጨው ስመልስበት ቆይቼ ጠመንጃውን የመነጨቅኩበት እጄ ነው። ሰባት ዓመት እንደ ቅርስ የጠበቅኩት የራሴን ቁጣ ነበር።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ጫፉን ያዙልኝ፤ እኔ ዘይት አርከፍክፌበት በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግኩት። በጨርቅ ስጠርገው ዝገቱ ለቅቆ ወጣ። ከሥሩ ብረቱ ጥቂት ተበልቷል፤ በዓይን ብዙም አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ይታወቃል። መርማሪው መርምሮ ጥልቀት የለውም አለና ፈቃዱን አደሰልኝ።

እሁድ እሁድ አሁንም እወለውለዋለሁ። የምዞረው ቦታ የለም። ግራ እጄ ሳላስበው ሄዶ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ያርፋል፤ ደንግጬ አነሳዋለሁ። ጠመንጃውን ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ብፈልግ፣ አባዬ የትም የለበትም። አጽድቶ ነበር የሰጠኝ።