የዓሣ ነባሪው ጆሮ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ዓሣ ነባሪዎች የብስን ትተው እንዴት ባሕር እንደገቡ ሳጠና ነው። ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ከምኖርበት ሰፈር ከዐማራት ይዤ የወጣሁት ድንጋይ የሆነ አንድ የጆሮ አጥንታቸውን ብቻ ነበር። ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቦይ አለ፤ ዙሩ ሲቆጠር እንስሳው ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል። ሳይሰበር ውስጡን የሚያሳይ ማሽን ፍለጋ ዓመታት ደጅ ጠናሁ፤ መስበሩን ግን አልደፈርኩም።

ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘው። ክብደቱን በእጁ መዝኖ «ደሀብ ነው» አለ፤ ወርቅ ደብቀሃል ማለቱ ነው።

«ወላሂ፣ አጥንት ነው» አልኩት። ሌላው ሰው ለነፍሱ በሚለምንበት ቦታ እኔ ጅሉ ለአጥንት ለመንኩ።

በሰደፉ ፈረከሰው። ቦዩ ፍንትው ብሎ ታየ። ተንበርክኬ አንዱን ዙር ቆጠርኩ። ሁለተኛውን ስጀምር «ያላ፣ ተነስ ሂድ» ብሎ ስብርባሪውን በጫማው በተነው።