«በሞቴ» የማይባልበት መናፈሻ

ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመችው አንደኛ ክፍል ሳለች ነው። ባሕር ማዶ፣ ታርኔት በሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን እጄን ጨብጣ ትወጣና የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ቁርሷን ታስመልሳለች። አስተማሪዋ ደግ ሴት ነበረች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል እንደማትናገር፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ እንኳ ስለማትጠይቅ ልብሷ ላይ እንደሚያመልጣት በቀስታ ነገረችን። ባለቤቴ ይህን ሲተረጉምልኝ ወለሉን ነበር የማየው። የልጄ ዝምታ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ከጠየቁኝ ድምፄ ይጠፋል።

ቤት እናስተምራት ያለው ባለቤቴ ነው። እዚህ አገር ይፈቀዳል፤ ቤት የምትማር ብሎ አስመዘገባት። እሱ ግን የሚሠራው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ዳንደኖንግ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው። ማስተማሩ የኔ ሆነ። እኔ ደግሞ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

ሜልተን የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ነገሩን የሰሙ ቀን ስልኩ ላይ ረጅም ሳቅ ሳቁ።

«እና አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«ስድስተኛን ስትጨርስስ? ሰባተኛን አብራችሁ ልትማሩ ነው?»

«እሱም ያግዘኛል...»

«እሱማ እንቅልፉን ይተኛበት። ልጅ እኮ ልብስ አይደለም፣ አጥፈሽ ቤት የምታስቀምጪው። ሰው ያስፈልጋታል። ከማን ጋር ልትጫወት ነው? ካንቺ ጋር? አንቺ ራስሽ መች ትናገሪያለሽ!»

እውነታቸውን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ምግብ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። ሒሳቡ እስካሁን አላስቸገረኝም። ፊደል አስቆጥሬያት ብዙም ሳትቆይ አማርኛ ማንበብ ጀመረች። እንግሊዝኛውን ግን አብረን ነው የምንማረው። ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ድምፅ ያላቸው መጻሕፍት እንዋሳለን፤ ድምፁ ያነባል፣ እሷ ድምፁን ትከተላለች፣ እኔ እሷን እከተላለሁ። ስሳሳት ታርመኛለች። ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም። ትዘፍናለች፣ ትከራከራለች፣ እኔ በአማርኛ ስቆጣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ያቺ ልጅ ከደጅ ስንወጣ የት እንደምትገባ ነበር የማይገባኝ።

ቤታቸው የሚማሩ ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ መናፈሻ ውስጥ ከነእናቶቻቸው እንደሚገናኙ ባለቤቴ ስልኩ ላይ አገኘ። ወንዝ ዳር ነው፤ ትልልቅ ባሕር ዛፎች አሉት። እናቶቹ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከወደቀ ቅርንጫፍና ከዛፍ ልጣጭ ጎጆ ይሠራሉ። እኔ ራቅ ያለ አግዳሚ ወንበር መረጥኩ፤ ልጄ ከጎኔ ተለጠፈች።

በመጀመሪያው ቀን ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች አንዲት እናት ትልቅ ቴርሞስ ይዛ መጣች። ሻይ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሻዩም አምሮኛል። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ፈገግ ብላ ተመለሰች። አሁን ዞር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረችም። ለሌሎቹ ቀድታ ቴርሞሱን ከደነችው። ትንሽ ቆይቶ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እየሮጠች መጥታ ልጄን ጎጆ መሥራት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄም ልክ እንደኔው፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ልጅቷ እንደመጣችው እየሮጠች ሄደች።

ብዙ ማክሰኞዎች እንዲሁ አለፉ። አንድ ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ «አይፈልጉንም» አልኩት።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላሉሽ ታዲያ?»

«አንተ አላየሃቸው። ለወጉ አንዴ ይጠይቁና ይሄዳሉ። ከዚያ ዞረውም አያዩን።»

«እስቲ ትንሽ ታገሺ» ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ።

ምክንያት አላጣሁም። መልካችን ነው አልኩ። እንግሊዝኛዬ ነው አልኩ። አንዳንዴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ መማሬን ያወቁብኝ ይመስለኝ ነበር። ከየት ሊያውቁ ይችላሉ? ግን የሚያፍር ሰው ነገሩ ግንባሩ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል።

ብርዱ ሲጠና ልጆቹ ድራማ ሊሠሩ ተነሡ፤ ስለ ወንዙና ወንዙ ዳር ስለሚኖሩ እንስሳት። ባለ ቴርሞሷ ሴት ልጆቹን ክብ አድርጋ አስቀመጠችና እያንዳንዱን ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠየቀች። የኔዋ ያን ቀን ከጎኔ ተነሥታ እስከ ክቡ ጫፍ ድረስ ሄዳ ነበር። ያን ያህል ስትጠጋ የመጀመሪያዋ ነው። ተራዋ ደረሰ። ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ አመሰግናለሁ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ ማየትም ደስ ይላል» አለቻትና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

በሳምንቱ ልጆቹ ሁሉ ጅራትና የወረቀት ጆሮ አድርገው መጡ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማ አየቻቸው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት ማልቀስ ጀመረች።

«እንቁራሪት መሆን ፈልጌ ነበር» አለች በእንግሊዝኛ።

«ታዲያ ስትጠይቅሽ ለምን እንቢ አልሽ?»

ሞኟ እኔ እንደሆንኩ ዓይነት አየችኝ። «እንደገና እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበራ። ሁልጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁኝ። አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ መጀመሪያ ሲሰጡሽ እሺ አይባልም ያልሽኝ።»

ሞተሩን አላስነሣሁም። ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ብዬያታለሁ። ከፊደሉም ከቁጥሩም በፊት ያስተማርኳት እሱን ነው። እኔም ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ እናቴ ደግሞ በአፏ አልነበረም፣ በዓይኗ ነው የምታስተምረው። ጎረቤት ይዛኝ ስትሄድ ሳህን ሲቀርብልኝ ቀድሜ የማየው ዓይኗን ነው። «በልቻለሁ» እላለሁ፣ ሆዴ እየጮኸ። «ተይ እንጂ ቅመሺ» ትላለች የቤቱ እመቤት። «ጠግቤያለሁ።» «በሞቴ! እኔን ቅበሪኝ!» ያኔ እናቴ ዓይኗን ታወርዳለች። ፈቃዱ እሱ ነው፤ እጄን እዘረጋለሁ። በመጀመሪያው ጥያቄ ዘላ የተቀበለች ልጅ ያልጠገበ ቤት ልጅ ትባላለች፤ የሚሰደበው እሷ ሳትሆን እናቷ ናት። እንቢ ስንል ግን የሚለምነን ሰው እንዳለ እያወቅን ነበር። ማንም ልጅ በእንቢታው ጦሙን አላደረም።

እዚያ መናፈሻ ውስጥ በሞቴ የሚል የለም።

እትዬ የፈሩት ስድስተኛ ክፍልን ነበር። እኔም ስፈራ የከረምኩት የማላውቀውን ነው። ልጄን ከጨዋታ ያስቀራት ግን ከማውቀው ሁሉ አሳምሬ ያስተማርኳት ነገር ሆነ። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ በመስታወቱ ላያት አፈርኩ።

የተሰጡትን እንቢ ብሎ ተመልሶ መጠየቅ ደግሞ ሌላ እፍረት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ሳጥብ የምናገረውን በእንግሊዝኛ ተለማመድኩ። ልጄ ሰምታ አረመችልኝ፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ማክሰኞ ስንደርስ ወደ ወንበሬ አልሄድኩም። ብርድ ልብሱ ድረስ ሄጄ ባለ ቴርሞሷ ሴት ፊት ቆምኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ልጄ እንቢ አለች» አልኳት። «ግን እንቢ አይደለም።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም?»

«ትፈልጋለች። እንቢ ማለት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኛ ጋ... ሰው ደጋግሞ ይጠይቃል። ከዚያ ነው እሺ የሚባለው።»

ሌሎቹ እናቶች ወሬያቸውን አቁመው ያዩኛል። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እኛ ደግሞ ማየት ብቻ የምትወድ መስሎን እኮ! እንዳንጫናት ብለን ነው። አንቺም ለብቻሽ መሆን የምትመርጪ መስሎን።»

ለካ የተዉን አክብረውን ነው። ራት ላይ ለባለቤቴ ያወራሁት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ልጆቹን ጠርታ ቦታ እንዳለ ጠየቀች። ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ ትንሽ አሰበች።

«ሁለተኛ እንቁራሪት ትሁን። አንደኛዋ እኔ ነኝ» አለችና ወደ ልጄ ዞረች። «ትፈልጊያለሽ?»

ልጄ ቀና ብላ ዓይኔን አየች። ከንፈሯ ለእንቢታው ተዘጋጅቶ ነበር። ዓይኔን አወረድኩላት።

«እሺ» አለች፣ ለሣሩ የምትነግር ይመስል።

ሮጠው ሲሄዱ ሴትየዋ ሻይ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። ስኳርስ አለችኝ። አፌ ቀድሞኝ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ። አንዴ ነው የጠየቀችው። መራራውን ሻይ እስከ ታች ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ ልጄ የማክሰኞን ቀን መጠበቅ ጀመረች። ቤት ውስጥ ከመጽሐፍ ይልቅ እንደ እንቁራሪት መጮህ በዛ። እኔም «አንዴ ሲጠይቁሽ እሺ በዪ» እያልኩ ያስተማርኳትን መልሼ አስረሳኋት፤ ቶሎ ረሳችው።

አንድ እሑድ ሜልተን እትዬ ቤት ሄድን። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ እንግዶች ነበሩ። እትዬ ገና የወጣ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ።

«ነይ ውሰጂ የኔ እናት።»

«እሺ!» አለችና በሁለት እጇ ሁለት አነሣች።

«ውይ ውይ!» አሉ እትዬ። «ምነው፣ አስተማሪዋ ከትምህርቱ ብዛት ቁርስ መስጠት ረሳች?»

እንግዶቹ ሳቁ። ዓይኔ፣ ያ የእናቴ ዓይን፣ ሳላዘው ልጄ ላይ አረፈ። አየችው። ሁለቱንም ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለሰችና መጥታ ጆሮዬ ላይ ተጠጋች። ማንሾካሾክ ግን አትችልበትም።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ስንቴ ነው?»

«ምኑ ነው ስንቴው?» አሉ እትዬ።

እዚያ ቤት እንግዳ ፊት ከአዎና ከአይ ያለፈ ተናግሬ አላውቅም። ልጄ መልሴን እየጠበቀች ነው።

«እንቢ የሚባለው ነው እትዬ» አልኩ። «መናፈሻው ውስጥ አንዴ ጠይቀው ነው የሚተዉት። እኔ እንዳስተማርኳት እንቢ እያለች ስንት ጊዜ ብቻዋን ቆማ ዋለች። አሁን በመጀመሪያው እሺ በዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ እንግዳ «እውነቷን ነው» አሉ። «እኔስ ሥራ ቦታ ስንት ኬክ አለፈኝ! አንዴ አይ ካልኩ ሳህኑን ይዘው እብስ ነው!»

ሁሉም ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። ልጄን ሲያዩ ቆዩና ሳህኑን መልሰው አቀረቡላት።

«እንኪ። እኔ ቤትም አንዴ ነው።»

ልጄ አየችኝ፤ ዓይኔን አወረድኩ። ሁለቱንም ወሰደች። እትዬ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«ጠግቤያለሁ እትዬ» አልኩ።

«ተይ እንጂ።»

«እውነቴን ነው።»

«በሞቴ!»

እጄን ስዘረጋ ልጄ አፏን ሞልታ ትስቅብኝ ነበር።