ሙቀት ነው አልኳቸው

ባለፈው ሳምንት ሙቀቱ ሲብስ ቢሮአችን እንደ ልማዱ ጠረጴዛ አዛወረ። ሸዋ ሮቢት ግንቦት ሲገባ የምዕራቡን መስኮት ሸሽቶ ቬንትሌተር ስር መሰብሰብ ወግ ነው፤ ኃላፊ የለ፣ ተላላኪ የለ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን እየጎተተ ይሰደዳል። ከዚያ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ጎንበስ ስል ግድግዳው ስር አንዲት ገመድ ተንጠልጥላ አየሁና እትዬ ዘሃራ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ እዚሁ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። እትዬ ዘሃራ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር። የማሾ ንፍሮ በፌስታል ቋጥረው ያመጡልኛል። "ብላ እንጂ አንተ ቀጫጫ፣ ንፋስ ይወስድሃል!" ይሉኛል። ሮቢት ደግሞ ንፋስ የት አለና!

አንድ ልጃቸው ሰዓዳ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ ማውራት አልተፈቀደላትም። ሐሙስ ሐሙስ እመቤቷ ከምሳ በኋላ ስትተኛ የሌላ ሠራተኛ ስልክ ተውሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በኢንተርኔት ትጽፋለች። እናት ደግሞ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለው፣ በአንድ ጣት እየለቀሙ ይመልሳሉ።

አንድ ሐሙስ ሰዓዳ፣ "ውሌ አለቀ። ወይ አገሬ ልግባ፣ ወይ የእመቤቴ እህት ሌላ አገር ልትወስደኝ ነው። አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ" ብላ ጻፈች። እትዬ ማጀቴ ከተማ ሄደው ከወንድማቸው ጋር ሲመክሩ ሰንብተው ረቡዕ ማታ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት የቢሮውን በር ሳያልፉ፣ "ደረጀ፣ ትምጣልኝ! የትም አትሄድብኝም" አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

ጠረጴዛ የተዛወረው ታዲያ ያን ቀን ነው። እኔ የኃላፊውን ኮምፒውተር ላስተካክል ገባሁ፤ መቼስ ሹም ሳይቀድም ሌላ አይነካም። ስወጣ ቢሮው በሙሉ ኔትወርክ የለውም። ገመድ ቀያየርኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ወይ ፍንክች! ውጭ የሽንኩርት መኪኖች በአዲስ አበባ መንገድ ያጓራሉ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

"ያ ረቢ! ሰዓቱ ደረሰ እኮ፣ ልጄ።"

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ።"

"እሷ መች ትታገሣለች? እመቤቷ ከነቃች አለቀ።" ቆመው መጠበቅ ቢያቅታቸው ሊሰግዱ ወጡ።

ኋላ የኔትወርኩን ማከፋፈያ ሳጥን ገልብጬ ሳይ አንዲት ገመድ ሁለቱም ጫፏ እዚያው ሳጥን ላይ ተሰክቷል። እንዲህ ሲሆን መልእክቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ላይ ሲሽከረከር መስመሩን ሁሉ ያንቃል። ነቀልኳት፤ ቢሮው ነፍስ ዘራ።

"የትኛው ጅል ነው ይቺን የሰካት?" አልኩ።

ፀሐፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ቀስ በል። እትዬ ናቸው። ተንጠልጥላ ቢያዩዋት፣ 'ምናልባት የሰዓዳ መስመር በዚች ይሆናል' ብለው ሰኳት።"

ወዲያው እትዬ እየሮጡ ገቡ። ስክሪኑ ላይ የሰዓዳ ጽሑፍ ተደርድሯል። "እማ አለሽ? እማ፣ እየጠበቅኩሽ ነው። ነቃች፣ ስልኩን ልመልስ ነው። ዝም ካልሽኝ ሂጂ ማለትሽ ነው ብዬ እሄዳለሁ።"

በአንድ ጣታቸው "ነይ ልጄ ነይ" ብለው ጻፉ። ማንም አላነበበውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓዳ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

"ቆይ ግን፣ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ፀሐፊዋ አቀረቀረች። "ሙቀት ነው፣ እትዬ" አልኩ። "ሳጥኑ ሙቀት አልቻለም።"

ትናንት ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ደጃቸው ካለው ማንጎ ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል።

"ጠረጴዛ አዛወራችሁ አሉ። መስመሩስ?"

"ደህና ነው፣ እትዬ።"

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ አንጋጠጡ። "አንቺ ጨካኝ ፀሐይ! ልጄን በላሽብኝ" አሏት።

የሮቢት ፀሐይ የስንቱን እርግማን ችላለች፣ ይሄንንም ትቻለው። እትዬ ዘሃራ ግን ያቺን ገመድ አይችሏትም።