ማጭዱ ከእጄ ወደቀ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ።

ዛሬ ግን ጎረቤቴ በማሳዬ የሠራልኝን ወንፈል ልመልስ ገብሱን ሳጭድለት፣ ማጭዱ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ።

«አያ፣ ወንፈሉን ምሬዎታለሁ፤ ጥላ ሥር ሆነው ነዶ ይቁጠሩልን!» አለኝ ጎረቤቴ። አጫጁ ሁሉ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሳምንት ክርኔን አሞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ነግራኝ ነበር፦ «አባቴ፣ አንድ ሥራ ሲደጋገም የክርን ጅማት ይጎዳል። ስድስት ሳምንት ከማጭድ ያርፉ፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ያለማምዱት።»

«መርፌ እንጂ ገብስ አታውቂም» ብያት ወጣሁ። ልክ ነበረች፤ እንዳትነግሯት።

እንግዲህ አርፋለሁ። ክርኑ እንዲህ ከድቶት የዳነለት ካለ፣ እንዴት እንዳዳነው ይጻፍልኝ። «አይዞዎት» የሚል ግን አይጻፍ።

የገብሱ ውቂያ ሲደርስ በገዛ እጄ የምመልሰው የወንፈል ዕዳ አለብኝ፦ ለአበልጄ አንድ ቀን፣ ለጎረቤቴ ሁለት ቀንና አንድ ሳቅ።