ሁለት ሰው በአንድ ቀበቶ

ወንድሜ ጋቢና ሲቀመጥ ንጉሥ ነበር። ውጫሌ ያለችው አክስቴ ጋ በሄድን ቁጥር እናቴ ከሹፌሩ ጎን ትቀመጥና ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚኒባሱን የሚነዳው ራሱ ይመስለዋል። ለላሟም ለአህያዋም በአፉ ጡሩንባ ይነፋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል።

ያን ቀን ከከተማችን ከሐይቅ ወጣ እንዳልን ሹፌሩ ከፊት ትራፊክ አለና ቀበቶ እሰሪ አላት። እሷም ስባ ወንድሜን ጨምራ አሰረችው። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው ደስ አለኝ። አንድ ላይ ታስረው ምን ይነካቸዋል?

ትራፊኩን አልፈን ኩርባው ላይ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ሞልተውት አገኘናቸው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። እኔ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተላተምኩ። ቀና ስል እናቴ ጭረት እንኳ የላትም። ወንድሜ ግን አፉን ከፍቶ ማልቀስ አቅቶታል።

ደሴ ሆስፒታል ገባን፤ ሐኪሙ ራጁን እያሳየ አስረዳን። ቀበቶው ወንድሜን ከፊት ሲይዘው የእናቴ ክብደት ከኋላ መጥቶ ጨፍልቆታል። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባውን ወግቶታል። ልጅ ከኋላ፣ በራሱ ወንበር፣ በራሱ ቀበቶ ነው የሚቀመጠው አለን።  ከዚያ በኋላ ደረቱ ላይ ቱቦ ተተክሎለት ሲያቃስት የማገላብጠው እኔ ሆንኩ፤ እናቴ አልነካውም አለች።

ተሽሎት ስንወጣ መናኸሪያ ቆመን ከኋላ ቀበቶ ያለው መኪና ፈለገች። አንዱ ረዳት ሳቀባት።

«እትዬ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ የምትፈልጊው? እሱ እንኳ ሐይቅ አያርፍም።»

ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች። በመጨረሻ አገኘንና መሃላችን አስቀምጣ አሰረችው። መኪናው ሲነሳ እጆቹን ወደሷ ዘረጋ።

«እማ፣ እቀፊኝ።»

እጆቿን ሻርፗ ስር ደበቀች። አለቀሰ፤ ለቅሶው ወደ ሳል ተለወጠ። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት አልቻሉም።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ? በአላህ፣ እቀፊው እንጂ!»

እናቴ ዞር አላለችም።

«አቅፌው ነው የሰበርኩት» አለች።

 ለወንድሜ ጣቴን ሰጠሁት፤ ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

ሐይቅ ደርሰን ሞተሩ ሲጠፋ እናቴ ቀበቶውን ፈታችለትና እጆቿን ዘረጋች። ወንድሜ ጣቴን አልለቀቀም።